ሰርቨሩ ይሠራል፤ ጓደኞቼ ግን አያዩትም

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከታናሽ ወንድሜና ከሦስት የልጅነት ጓደኞቼ ጋር እንድንጫወት ብዬ ማይንክራፍት የተባለውን ጨዋታ የጃቫ እትም ሰርቨር (ሁላችንም የምንገናኝበትን ፕሮግራም) በራሴ ላፕቶፕ ላይ ጭኛለሁ። እኔ በዚያው ላፕቶፕ «ሎካልሆስት» ብዬ ስገባ ያለ ችግር ይሠራል። ወንድሜ ግን እዚያው ሳሎን ተቀምጦ በሌላ ኮምፒውተር ሲሞክር የጨዋታው የሰርቨር ዝርዝር ባዶ ነው። ለጓደኞቼ 192.168.1.7 የሚለውን አድራሻ ላክሁላቸው፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሁለቱ ዱባይ ናቸው፤ ሦስቱም ጥቂት ከጠበቁ በኋላ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» የሚል መልእክት ይመጣባቸዋል። ፋየርዎሉን እስከ ማጥፋት ደርሻለሁ፤ ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው ፋየርዎሉን መልሰው ያብሩት። ያጠፉት የላፕቶፑን አጥር በሙሉ ነው፤ ለጨዋታው የሚያስፈልገው ግን አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት። ቀጥሎም የወንድምዎ አለማየትና የጓደኞችዎ አለመግባት ሁለት የተለያዩ ችግሮች መሆናቸውን ይያዙልኝ፤ ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያያቸው ያንኑ ቅንብር ደጋግሞ ሲነካካ ቀናት ያባክናል።

ከወንድምዎ እንጀምር። አንድ ተጫዋች ብቻውን ሲጫወትበት የነበረውን ዓለም «ኦፕን ቱ ላን» (ላን ማለት የቤት ውስጥ ኔትወርክ ነው) በሚለው ቁልፍ ሲከፍት፣ ጨዋታው በየ1.5 ሴኮንዱ ወደ 224.0.2.60 በፖርት (መልእክት በሚገባበት ባለቁጥር በር) 4445 «እዚህ ነኝ» የሚል አጭር ጥሪ ያሰማል፤ በዚያው ኔትወርክ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮችም ጥሪውን ሰምተው የዓለሙን ስም በዝርዝራቸው ላይ ያሳያሉ። እርስዎ የጫኑት ራሱን ችሎ የሚሠራው ሰርቨር ግን ይህን ጥሪ አያሰማም። ስለዚህ ወንድምዎ ዝርዝሩን እያየ ቢጠብቅ እስከ ነገም አያገኘውም፤ «አድ ሰርቨር» ብሎ 192.168.1.7 የሚለውን በእጁ መጻፍ አለበት።

ጽፎም ካልገባ ሁለት ነገር ይመርምሩ። አንደኛው የሰርቨሩ የቅንብር ፋይል ነው፤ «ሰርቨር አይፒ» ከሚለው መስመር ፊት ምንም ነገር መጻፍ የለበትም፤ 127.0.0.1 ተጽፎበት ከሆነ ሰርቨሩ ከራሱ ላፕቶፕ በስተቀር ማንንም አይሰማም። ሁለተኛው ፋየርዎሉን መልሰው ካበሩት በኋላ የሚገጥምዎት ነው። ሰርቨሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ዊንዶውስ «ለጃቫ ይፈቀድ ወይ?» የሚል መስኮት ያወጣል። ያንን መስኮት በችኮላ «ካንስል» ብለው ዘግተውት ከሆነ ዊንዶውስ ጃቫን የሚከለክል ደንብ ጽፎ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ ማይንክራፍት የሚጠቀምበትን ፖርት 25565ን የሚፈቅድ ደንብ ቢጨምሩ እንኳ የሚከለክለው ደንብ በሚፈቅደው ላይ ስለሚያይል ልፋትዎ ከንቱ ይሆናል። ከልካዩን ደንብ ፈልገው ያጥፉት፤ ዋይፋይዎም «ፐብሊክ» ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ወደ «ፕራይቬት» ይለውጡት።

ወደ ጓደኞችዎ ስንመጣ፣ የላኩላቸው አድራሻ ከቤትዎ ውጭ ትርጉም የለውም። በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች ለቤትና ለመሥሪያ ቤት ውስጣዊ አገልግሎት የተተዉ ስለሆኑ፣ ያው 192.168.1.7 ሐዋሳም አለ፣ ዱባይም አለ። ከተማውንና ቀበሌውን ሳይነግሩ «ቤት ቁጥር 214 ና» ብሎ እንግዳ እንደ መጥራት ነው። ጓደኛዎ ቁጥሩን ሲጽፍ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው በራሱ ቤት ውስጥ ያለውን 192.168.1.7 ነው። እርስዎ ፋየርዎል ማጥፋትዎ ለውጥ ያላመጣውም ለዚህ ነው፤ መልእክታቸው መጀመሪያውኑ ወደ እርስዎ አልተነሣም።

መላክ ያለብዎት ራውተርዎ ከውጭ የሚታወቅበትን አድራሻ ነው። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ራውተር እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ ከውስጥ ወጥቶ የሚመለሰውን ያስገባል፣ ከውጭ ያልተነገረለት ሰው ቢመጣ ግን በሩን አይከፍትም። «ፖርት ፎርዋርዲንግ» በሚለው ገጽ ላይ «በቲሲፒ 25565 የመጣውን ወደ 192.168.1.7 አስገባ» ብለው ሲመዘግቡ ለዘበኛው ትእዛዝ ሰጡ ማለት ነው። እዚህ ላይ እኔን አንድ ሳምንት ሙሉ ያስቸገረኝን ላንሳ። ሁሉን አስተካክዬ ጓደኞቼ ሁለት ቀን ከተጫወቱ በኋላ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩ ጠፋባቸው። ራውተሩ ተነሥቶ አድራሻ ሲያከፋፍል ለላፕቶፔ 192.168.1.7 የነበረውን ትቶ 192.168.1.12 ሰጥቶት ነበር፤ ትእዛዙ ግን አሁንም ወደ 7 ይልካል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ይህ መምጣቱ ስለማይቀር፣ ራውተሩ ለላፕቶፕዎ ምን ጊዜም ያንኑ ቁጥር እንዲሰጠው አስቀድመው ያስይዙለት።

አሁን ብዙውን ሰው ተስፋ የሚያስቆርጠው ነገር ላይ ደርሰናል። በራውተርዎ ገጽ ላይ «ዋን» (ወደ ውጭው ኢንተርኔት የሚወስደው ወገን) ከሚለው መስመር ፊት የሚታየውን አድራሻ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ አይፒ አድራሻን ከሚያሳዩት ድረ ገጾች አንዱን ከፍተው የሚሰጥዎትን ቁጥር ከሥሩ ይጻፉ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ መንገድዎ ክፍት ነው። የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መካከል ቢጀምር ወይም በ10 ቢጀምር ግን፣ አገልግሎት ሰጪዎ ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ሥር አስቀምጧል ማለት ነው። የድሮው የአድራሻ ሥርዓት በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻዎች ብቻ ስላሉትና እነዚያም ስላነሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህ የ100.64 ክፍል ለዚሁ ሥራ ተለይቶ ተመድቧል። ኮንዶሚኒየም እንደ መኖር ነው፤ የራስዎን በር ይከፍታሉ፣ የግቢውን ዘበኛ ግን ማዘዝ አይችሉም፤ በራውተርዎ ላይ የሚጽፉት ትእዛዝ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ እንግዳው ዋናው በር ላይ ይቀራል።

እንዲህ ከሆነ ሦስት መንገድ አለ። አገልግሎት ሰጪዎን የራስዎ የሆነ የውጭ አድራሻ እንዲሰጥዎት መጠየቅ፣ ከጓደኞችዎ መካከል እንዲህ ያለ አድራሻ ያለው ሰው ሰርቨሩን እንዲይዝ ማድረግ፣ ወይም እንደ ቴይልስኬልና ዜሮቲየር ያለ ፕሮግራም ሁላችሁም ጭናችሁ በተለያየ አገር ያሉት ኮምፒውተሮች በአንድ ኔትወርክ ላይ እንዳሉ ሆነው እንዲገናኙ ማድረግ። እኔ ለአራትና ለአምስት ጓደኛሞች የምመክረው ሦስተኛውን ነው፤ ራውተር መንካት አይጠይቅም፣ ቤትዎንም ለማያውቁት ሰው አይከፍትም። ሰርቨሩን ከውጭ ክፍት ካደረጉት ግን ስማቸው የተመዘገበ ተጫዋቾች ብቻ እንዲገቡ የሚያደርገውን «ዋይትሊስት» ሳያበሩ አይደሩ።

ሲሞክሩ የሚመጣውን መልእክት በጥንቃቄ ያንብቡ። «ታይምድ አውት» ማለት ጥያቄው መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ አድራሻው፣ ራውተሩ ወይም ፋየርዎሉ ይመርመር። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ከሆነ ጥያቄው አንድ ማሽን ጋ ደርሷል፣ ነገር ግን በዚያ ፖርት የሚሰማ ፕሮግራም አላገኘም፤ ያን ጊዜ ሰርቨሩ መነሣቱን ወይም የፖርቱን ቁጥር ያረጋግጡ። ሙከራውንም ከቤትዎ ዋይፋይ አያድርጉት፤ አንዳንድ ራውተሮች ከውስጥ ወጥቶ በራሳቸው የውጭ አድራሻ የሚመለሰውን አያስተናግዱም፤ የወንድምዎን ኮምፒውተር በስልክ ዳታ አገናኝተው ይሞክሩ። ከጓደኞችዎ አንዱ የሚጫወተው በስልክ ከሆነ ደግሞ የስልኩ ማይንክራፍት ቤድሮክ የተባለው ሌላው እትም ስለሆነ የጃቫ ሰርቨር ውስጥ በቀጥታ መግባት አይችልም።

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ ስምንት ኮምፒውተር ያለው ጌም ቤት አለኝ። ካውንተር ስትራይክ 1.6 ሰርቨር ስከፍት አምስቱ ላይ ይታያል፤ በኋላ በጨመርኩት ሁለተኛ ራውተር የሚሠሩት ሦስቱ ላይ ግን አይታይም። የሚገርመኝ፣ አድራሻውን በእጃችን ስንጽፈው ሦስቱም ይገባሉ።

መልስ፦ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ መልሱን ይዟል። የላን ዝርዝሩ የሚሞላው ኮምፒውተሩ በኔትወርኩ ላይ ላሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚያሰማው ጥሪ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ጥሪ ራውተርን አያልፍም። ሁለተኛው ራውተር ሦስቱን ኮምፒውተሮች ወደ ራሱ ትንሽ ኔትወርክ ለይቷቸዋል፤ የአንዳቸውን አድራሻ ቢያዩ ከአምስቱ የተለየ፣ ለምሳሌ በ192.168.0 የሚጀምር ሆኖ ያገኙታል። በሁለተኛው ራውተር ገጽ ገብተው አድራሻ የሚያከፋፍለውን ዲኤችሲፒ ያጥፉ፣ ለራውተሩም ራሱ ከመጀመሪያው ጋር የማይጋጭ፣ ለምሳሌ 192.168.1.2 የሚል ቁጥር ይስጡት፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ራውተር የሚመጣውን ገመድ «ዋን» ከሚለው ቀዳዳ ነቅለው «ላን» ከሚሉት በአንዱ ይሰኩት። ሦስቱን ኮምፒውተሮች አጥፍተው ሲያበሩ በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ያገኛሉ፤ ሰርቨሩም በስምንቱም ላይ ይታያል።