ሶኬቱ ከሞቀ ሽቦውን ጠርጥሩ

አንድ ጋሼ ጥያቄ ልከውልኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በ1968 የተሠራ ታውንሃውስ ያከራያሉ። ኢንሹራንሱ ሰው ልኮ አስመረመረና «ሽቦው ካልተስተካከለ አናድስም» አላቸው። ተከራዩም የመኝታ ቤቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሶኬቱም ይሞቃል ይላል። «ሽቦውን በሙሉ ልቀይር ወይስ ኢንሹራንሱን?» ነው ጥያቄያቸው።

ጋሼ፣ መጀመሪያ የዚያን ክፍል ብሬከር ያስጠፉ። ዛሬውኑ።

1968 እና የሚሞቅ ሶኬት ሲባል እኔ የምጠረጥረው አሉሚኒየም ሽቦ ነው። መዳብ ተወዶ ስለነበር ከ1965 እስከ 1973 ገደማ ብዙ የአሜሪካ ቤት በአሉሚኒየም ነው የተዘረጋው። ለማየት ብሬከሩን ያጥፉ፣ በቴስተር ያረጋግጡ፣ ሶኬቱን በካቻቪቴ ፈተው ሳብ ያድርጉትና ሽቦውን ይዩ። አቲክ (ጣሪያ ሥር ያለው ክፍት ቦታ) ውስጥ ያለው ኬብል ልባስ ላይም «አሉሚነም» የሚል ጽሑፍ ካገኙ አለቀ።

እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሱኝ፣ ይህን ነገር ማውራት እወዳለሁ። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ብዙም አያስቸግርም። ችግሩ ያለው ማያያዣው ላይ ነው። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ ብሎን ሲጠብቅበት ይጨፈለቃል። ተከራዩ ሂተር ሲሰካ ሽቦው ይሞቅና ከብሎኑ የበለጠ ይለጠጣል። መሄጃ ስለሌለው እዚያው ይጨፈለቃል። ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ክፍተት ይተዋል። አየር ሲያገኘው ደግሞ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያበቅላል። ኤሌክትሪኩ በዚህ ላይ ሲያልፍ ማያያዣው የበለጠ ይሞቃል፣ የበለጠ ይላላል። ይኸው ሃምሳ ምናምን ዓመት! ብሬከሩስ? እሱ የሚያውቀው ኤሌክትሪኩ ከ15 አምፔር በላይ መሆኑን ነው። ሶኬቱ ውስጥ ያለው እሳት አይታየውም።

በላኩት ፎቶ ላይ ከእርስዎ በፊት የነካካው ሰው አጭር የመዳብ ሽቦ ቀጥሎ በተራ ዋየር ነት (ሽቦዎች ጫፍ ላይ የሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ቆብ) ጠምዝዞታል። አሉሚኒየምና መዳብ እንዲያ አይታሰሩም! ሶኬቱም ከሁሉ የረከሰው፣ ሽቦው ከጀርባ የሚሻጥበት ዓይነት ነው። የሳንቲም ዕቃ ቤት ያቃጥላል።

የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን የሚቀበለው ሦስት መንገድ ነው። አንዱ ሙሉ በሙሉ በመዳብ መቀየር ነው። ሌላው ኮፓለም ነው፤ አጭር የመዳብ ሽቦ ከአሉሚኒየሙ ጋር በኃይል ተጨምቆ የሚያያዝበት ዘዴ ሲሆን ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ሦስተኛው አሉሚኮን የሚባለው ባለ ብሎን ማያያዣ ነው፤ ብሎኑ በቶርክ ካቻቪቴ ተለክቶ ይጠብቃል። እኔ ብሆን ሦስተኛውን እመርጣለሁ፣ ግን እያንዳንዱ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያና አምፖል ጋ መደረግ አለበት። የሚሞቀውን ብቻ አድርጎ መተው ዋጋ የለውም።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ኢንሹራንሱ የትኛውን እንደሚቀበል በጽሑፍ ይጠይቁ። ከሙሉ ቅየራ በታች የማይቀበሉ አሉ። ውሉንም አንዴ ይዩት፤ እርስዎ እንደሚኖሩበት ቤት ሆኖ የተገባ ከሆነና ተከራይ ካለ፣ አደጋ ቢደርስ ላይከፍሉ ይችላሉ። ሌላ ኩባንያ ሄደው ሽቦውን መደበቅም አያዋጣም።

የተከራየ ቤት ስለሆነ ሥራውን ባለፈቃድ ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፣ ፔርሚትም ይውጣበት። ሳጥኖቹ ከመዘጋታቸው በፊት ሁሉንም ፎቶ ያንሱና ከኤሌክትሪሺያኑ ደብዳቤ ጋር ለኢንሹራንሱ ይላኩ። እስከዚያ ያ ብሬከር አይነሣ። ተከራዩ «ለአንድ ማታ ብቻ» ቢልዎትም።