የ12ኛ ክፍል ጭንቀት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ከጓደኞቹ ጋር ጫት እየቃመ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያጠናል። ስቆጣው «ካልቃምኩ አይገባኝም» ይለኛል። ቀን ቀን ግን ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል ተብያለሁ። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ጫት ማንቃቱ እውነት ነው፤ ልጅዎ ይህን ሲል አልዋሸዎትም። ነገር ግን መንቃትና መያዝ ይለያያሉ። የተጠናው ነገር አእምሮ ውስጥ የሚደላደለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሳ ልጅ ያነበበውን ግማሽ መንገድ ላይ እየጣለ ነው የሚሄደው። በምርቃና ሰዓት ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል፤ እሱን ያሳመነውም ይኸው ስሜት ነው።

ከመቆጣት ይልቅ ራሱን እንዲፈትን ያድርጉ። ሌሊት ካጠናው ምዕራፍ 10 ጥያቄ መርጦ፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ዘግቶ ይሥራ። በቂ ተኝቶ ያጠናውንም ሌላ ቀን እንደዚያው ይሞክር። ውጤቱን በራሱ እጅ ሲያየው ክርክሩ ያጥራል።

ቀጥሎ ሰዓቱን ቀስ በቀስ ያዛውሩ። በየሦስት አራት ቀኑ ከበፊቱ በግማሽ ሰዓት ቀድሞ እንዲተኛ ያድርጉ፤ መድረሻው ማታ 4 ሰዓት ተኩል ይሁን። የድሬ ሙቀት ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ለማንም አያስጠናም፤ ያኔ ግማሽ ሰዓት ያሸልብ። ከባዱን ትምህርት፣ ሒሳብና ፊዚክስን፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ አየሩ ሳይግል ይያዝ። እራት 1 ሰዓት ላይ ይቅረብለት፤ ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ብዙዎቹ ባዶ ሆድ ነው የሚያድሩት። ጓደኞቹንም አያባሯቸው። ያለ ጫት የሚያጠኑበት ቦታ ቤትዎ ውስጥ ካገኙ ይመጣሉ።

ይህ ለፈተናው ሲቃረብ የሚሠራ ነገር አይደለም። አብዛኞቹ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው የሚፈተኑት፤ እዚያ ጫት የለም። ሰውነቱ የለመደውን በድንገት ያጣ ልጅ የፈተናውን የመጀመሪያ ጠዋት በድብርትና በራስ ምታት ይጀምረዋል።

ጥያቄ፦ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ ይከብደኛል። ቤተሰቦቼ አስጠኚ ሊቀጥሩልኝ ነው። የ12ኛን መጽሐፍ ከምዕራፍ አንድ ብጀምር ይሻላል?
ተማሪ፣ ከሐረር

መልስ፦ እህታችን፣ ከ12ኛ አትጀምሪ። አንድ ምሳሌ እንይ። ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ «ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9፣ ለኤክስ ሲቀነስ 3 ሲካፈል» ሊሚቱ ስንት ነው? 3ን ዝም ብለሽ ብታስገቢ ዜሮ ለዜሮ ይመጣል፤ ብዙ ተማሪ «መልስ የለውም» ብሎ ያልፋል። ላይኛውን ፋክተር ብታደርጊው ግን ኤክስ ሲቀነስ 3 በኤክስ ሲደመር 3 ይሆናል፤ የጋራው ይሰረዝና ኤክስ ሲደመር 3 ይቀራል፤ መልሱ 6 ነው። ጥያቄው የ12ኛ ይመስላል፤ ያሰናከለው ግን ቀደም ባሉት ክፍሎች ያልጠራው ፋክተር ማድረግ ነው። ፈተናውም ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ይሸፍናል።

እንዲህ አድርጊ። አንድ የቀድሞ ዓመት የሒሳብ ፈተና ውሰጂና ሽፋኑ ላይ በተጻፈው ደቂቃ ልክ፣ ስልክ አጥፍተሽ ሥሪ። ከዚያ የተሳሳትሽውን ሁሉ በሦስት ክፈይው፦ ጭራሽ የማላውቀው፣ እያወቅሁ የሳትኩት፣ ሰዓት ያለቀብኝ። የመጀመሪያው ከበዛ በየጥያቄው አጠገብ የስንተኛ ክፍል ትምህርት እንደሆነ ጻፊ፤ የጥናት ዝርዝርሽ ያ ነው። ሁለተኛው ከበዛ ችግርሽ ስሌትን ሳይጽፉ በቃል መዝለል ነው፤ በየመስመሩ ጻፊ። ሦስተኛው ከሆነ ቀላሉን አስቀድመሽ ሠርተሽ ወደ ከባዱ መመለስን ተለማመጂ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀንስ አንድም ጥያቄ ባዶ አትተዪ።

አስጠኚው ሲመጣ ይህን ዝርዝር አሳዪው። ዝርዝሩን ሳይጠይቅ ከ12ኛ መጽሐፍ ገጽ አንድ የሚጀምር አስጠኚ ገንዘብ ነው የሚያባክነው። እሱ ሲሠራ ማየት ደግሞ ጥናት አይባልም፤ ከሄደ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ብቻሽን በባዶ ወረቀት ሥሪው።

የ9ኛና የ10ኛን ክፍተት እስከ ጥር ዝጊ፤ ከየካቲት ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ፈተና በሰዓት ሥሪ። ስድስቱ ትምህርቶች ከ600 ነው የሚታሰቡት፤ ማለፊያው ግማሹ፣ 300 ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶው፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶው ብቻ ናቸው። ሒሳብ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ውስጥም ስላለ ለእሱ የምታጠፊው ሰዓት በአራት ቦታ ይከፍልሻል።

ጥያቄ፦ የፈተናው ምዝገባ ጉዳይ የትምህርት ቤቱ ነው ወይስ ወላጅም የሚያየው ነገር አለ?
አባት፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ያዩት እንጂ! የስም ፊደል፣ የአባትና የአያት ስም፣ ጾታ፣ ፎቶግራፍና የትምህርት ዘርፍ ከልጅዎ ጋር ሆነው አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ሙሐመድ፣ አብዱረህማን የመሳሰሉ ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል በብዙ መልክ ይጻፋሉ፤ ከ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ጋር ካልተመሳሰሉ በኋላ ጣጣ ያመጣሉ። ስህተት ካለ የማረሚያው ጊዜ ሳያልፍ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂውን ያስቀሩ።

ጥያቄ፦ ለፈተና ስንገባ ምን እንያዝ?
የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ የመፈተኛ ካርድና መታወቂያ፣ በርከት ያለ እርሳስ፣ መቅረጫና ላጲስ። ስልክና ስማርት ሰዓት ቤት ይቅር፤ በር ላይ ይያዛል። ምደባችሁ ሐረማያ ከሆነ ከድሬ በ800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሹራብና ብርድ ልብስ አትርሱ። በወረቀት የምትፈተኑ ከሆነ፣ ጥያቄ በዘለላችሁ ቁጥር መልስ መስጫው ላይም ያንኑ ቁጥር እስክትመለሱበት ባዶ ተዉ፤ አንድ መስመር ከተንሸራተተ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይበላሻል። በየ10 ጥያቄው ቁጥሩን አመሳክሩ። በኮምፒውተር የምትፈተኑ ደግሞ ማውስ መያዝን ከወዲሁ ልመዱ።