ዓሣ ነባሪዋ ተራራ ላይ ስትወጣ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ኖርዌይ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። ትሮምሶ ከተማ አካባቢ ካሉት ፊዮርዶች (በተራሮች መካከል ወደ የብስ ከሚገቡት ጠባብ የባሕር ክንዶች) በአንዱ የሳተላይት ታግ፣ ማለትም በሳተላይት መከታተያ መሣሪያ የተተከለባት የአንዲት ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ መረጃ ለመመረቂያ ጽሑፌ ተሰጥቶኛል። ነጥቦቹን ካርታ ላይ ሳወጣቸው ብዙዎቹ ተራራ ላይ ናቸው። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሄደች የሚመስልበት ቦታም አለ። የጥራት ደረጃቸው ከ1 በታች የሆኑትን ሁሉ ስሰርዝ ከአሥር አንድ እጁ ብቻ ቀረኝ። ወደ ካሪቢያን ስትወርድ ደግሞ ነጥቦቹ ይሳሳሉ። ታጉ እየሞተ ነው ወይስ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ? በቀረኝ መረጃስ የምትመገብበትን ቦታ መለየት እችላለሁ?»

እህቴ፣ አብሮ ጤና ይስጥልን። የሰረዝሻቸውን ነጥቦች ዛሬውኑ መልሰሽ አስገቢያቸው። ዋናውን ፋይል ማንም በማይነካው ቦታ አስቀምጪና ከእንግዲህ በቅጂው ላይ ብቻ ሥሪ።

ይህን አጥብቄ የምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ለዓመታት ታግ ሳዘጋጅና የሚልከውን መረጃ ሳጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለረጅም ጉዞ የሚተከለው ታግ ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአየር ግፊት ተተኩሶ ቆዳውንና ስቡን ያልፍና ከስቡ ሥር ያለውን ሥጋ ቆንጥጦ ይይዛል። ከውጭ የሚታየው ጫፉና አንቴናው ብቻ ነው። በአሜሪካ ሜይን ባሕረ ሰላጤ ተመራማሪዎች ታግ የተተከለባቸውን ሃምፕባኮች እየተመላለሱ ፎቶ ሲያነሱ፣ የቀድሞዎቹ ታጎች ሰውነት ውስጥ እንዳሉ እንደሚሰበሩ አዩ። አሁን ያሉት ታጎች አንድ ወጥ አካል ሆነው የተሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ እጅሽ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ የእንስሳዋ ቁስል አለበት። ከአሥር ዘጠኙን መጣል ደግ አይደለም፤ ደግነቱ ሳይንሱም አይፈቅደውም።

አሁን ወደ ተራራው እንምጣ። ታጉ ራሱ የት እንዳለ አያውቅም። ሥራው በ401.65 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ አጭር መልእክት መላክ ብቻ ነው። አርጎስ የሚባለው የመከታተያ ሥርዓት ሳተላይት 850 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከዋልታ ወደ ዋልታ እያለፈ ይሰማዋል። አምቡላንስ ወደ አንቺ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፎሽ ሲሄድ ይወፍራል። ሳተላይቱም የታጉን ድምፅ የሚሰማው እንዲሁ ነው፤ ቦታው የሚሰላውም ከዚያ ለውጥ ነው፤ የዶፕለር ስሌት የሚሉት ይኸው ነው። ስሌቱ እንዲያምር ሳተላይቱ በአንድ ማለፊያ ብዙ መልእክት መስማት አለበት፤ ማለፊያው ግን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢሆን ነው። ዓሣ ነባሪዋ በዚያች ጊዜ ጥቂት ተንፍሳ ትጠልቃለች። ውኃ ሥር ሬዲዮ አይሠራም፣ ስለዚህ የጨው ውኃ ማብሪያ ማጥፊያው ታጉን ዝም ያሰኘዋል። ሳተላይቱ አንድ ወይም ሁለት መልእክት ብቻ ሰምቶ ያልፋል።

የጥራት ደረጃዎቹን ስታነቢ ይህን አስታውሺ። አራትና ከዚያ በላይ መልእክት ከተሰማ ነጥቡ ቁጥር ያገኛል፦ ደረጃ 3 ከ250 ሜትር ያነሰ ስሕተት፣ ደረጃ 2 እስከ 500 ሜትር፣ ደረጃ 1 እስከ 1,500 ሜትር፣ ደረጃ 0 ከዚያ በላይ። ሦስት መልእክት ከሆነ ኤ፣ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ቢ ይባላል። ኤ እና ቢ የሚነግሩሽ ስንት መልእክት እንደተሰማ ነው። ነጥቡ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ኤ ብዙ ጊዜ ከ0 ይሻላል። የዓሣ ነባሪ መረጃ አብዛኛው ኤ እና ቢ መሆኑ ደግሞ የእንስሳዋ ጠባይ ነው፣ የታግ ብልሽት አይደለም። ከደረጃዎቹ በእርግጥ የሚጣለው፣ የቦታ ስሌቱ ያልተሳካለት ዜድ ብቻ ነው።

አርጎስ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የቀድሞውን ቦታ ከአዲሱ መልእክት ጋር አገናዝቦ በሚገምተው በካልማን ማጣሪያ ማስላት ስለጀመረ፣ ኤ ይሁን ቢ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ የስሕተት ሞላላ፣ ማለትም እውነተኛው ቦታ ሊገኝበት የሚችል ክልል አለው። ፋይልሽ ውስጥ የሞላላውን ረጅም ስፋት፣ አጭር ስፋትና አቅጣጫ የያዙ ሦስት ዓምዶች ፈልጊ። ካርታ ላይ ስታወጪያቸው አንድ ነገር ዐይንሽ ውስጥ ይገባል፦ አብዛኞቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተለጥጠዋል። ሳተላይቱ የሚሄደው በሰሜንና በደቡብ መስመር ስለሆነ፣ የሚሳሳተው ወደ ጎን ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሰፋ ፊዮርድ ውስጥ ያለች ዓሣ ነባሪ በአምስት ኪሎ ሜትር ስሕተት ተራራ ላይ ብትወጣ ምን ይገርማል?

የብስ ላይ ያሉትን ብቻ ለይቶ መሰረዝ ብዙዎች የሚሠሩት ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። ተራራ ላይ የወጣው ነጥብና አምስት ኪሎ ሜትር ተስቶ ባጋጣሚ ውኃ ላይ ያረፈው ነጥብ የአንድ ስሕተት ልጆች ናቸው። የሚታይሽን ሰርዘሽ የማይታይሽን ከተውሽ፣ ዓሣ ነባሪዋን በግድ ወደ ፊዮርዱ አፍ እየገፋሻት ነው፤ ኋላ «ሰፊውን ውኃ ትመርጣለች» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ነጥቦቹን ከነሞላላቸው ለሞዴሉ፣ ማለትም ኋላ ለምነግርሽ እውነተኛውን መንገድ ከስሕተቱ ለይቶ ለሚገምት ስሌት ስጪው። ሞዴሉ ትልቅ ሞላላ ያለውን በጥቂቱ፣ ትንሽ ሞላላ ያለውን አብዝቶ ያምናል።

የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ ታጉ ከመተከሉ በፊት የላከውን ቁረጪ። ታግ ሁሉ ቤተ ሙከራ ውስጥና ጀልባ ላይ ይሞከራል፤ የዚያም ነጥብ ፋይሉ ውስጥ ይቀራል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የሙከራውን ሁለት ቀን ሳልቆርጥ ሠርቼ፣ ዓሣ ነባሪው ወደብ ውስጥ ያረፈ መስሎኝ ሳምንት አባክኛለሁ። ቀጥሎ ታጉ የተተከለበትን የጂፒኤስ ቦታና ሰዓት ከመስክ ማስታወሻው ወስደሽ የመጀመሪያ ነጥብ አድርጊው፤ ከሁሉ የምትተማመኚበት እሱ ነው። ተመሳሳይ ሰዓት ያላቸውን ድግግሞሾች አውጪ።

ያ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት የፍጥነት ማጣሪያ ሥራ ነው። ለሃምፕባክ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደብ የተለመደ ነው። እኔ ግን ሞዴል ከኋላ እስካለ ድረስ ወደ 18 አላላዋለሁ፤ በደቂቃዎች ልዩነት የመጡ ሁለት ነጥቦች ትንሽ ስሕተት ቢኖራቸውም ፍጥነቱን ስለሚያስጮኹት ጥሩውን ነጥብ እንዳልጥል። ወደ ጎን በጣም ርቆ የወደቀ ነጥብ ካየሽ ደግሞ የመስታወት ምስል ሊሆን ይችላል። የዶፕለር ስሌት ከሳተላይቱ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት መልስ ይሰጣል፣ አንዳንዴም የሚመረጠው የተሳሳተው ነው። በአንዳንድ የፋይል ዓይነት ሁለቱም ተጽፈዋል፤ ሁለተኛው ከጉዞዋ መስመር ጋር ከገጠመ እሱን ውሰጂ።

ከዚያ በኋላ ያ ሞዴል፣ ስቴት ስፔስ የሚባለው፣ ይመጣል። አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ የሚሠራው አኒሞተም የተባለው ጥቅል የስሕተት ሞላላውን በቀጥታ ስለሚቀበል ለጀማሪ እሱን እመክራለሁ፤ የፍጥነት ገደቡም ካልነካሽው በሰከንድ 5 ሜትር፣ ማለትም ያልኩሽ 18 ኪሎ ሜትር ነው። ሞዴሉ ካለቀ በኋላ መስመሩ አሁንም የብስ ከነካ፣ በባሕሩ በኩል እንዲዞር ማድረግ የሚገባው ያኔ ነው፤ ከሞዴሉ በፊት አይደለም። አንድ አደጋ ግን አለ። ሁለት ቀን ምንም ነጥብ በሌለበት ሞዴሉ ያማረ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራልሻል። ያ መስመር ግምት ነው። ከአንድ ቀን በላይ ባዶ ቦታ ላይ የወደቁትን የሞዴል ነጥቦች የት ስንት ጊዜ እንደቆየች ከምታሰዪበት የመኖሪያ ትንተናሽ አውጪያቸው።

ወደ ደቡብ ስትወርድ ነጥቦቹ የሚሳሱት ታጉ ስለሞተ ላይሆን ይችላል፤ ይህ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል፣ ብዙዎች ሳይጠይቁ ያልፉታልና። የአርጎስ ሳተላይት በ100 ደቂቃ ገደማ ምድርን አንድ ጊዜ ይዞራል፣ በእያንዳንዱ ዙርም በዋልታዎቹ አጠገብ ያልፋል። ወደ 70 ዲግሪ ሰሜን የቀረበችው ትሮምሶ ከዋልታው ስለማትርቅ ብዙ ማለፊያ ታገኛለች። ከምድር ወገብ አጠገብ ያለ ቦታ ግን አንዱን ሳተላይት በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ ያየዋል። ከሰሜን ኖርዌይ ተነስታ ካሪቢያን ደርሳ የተመለሰች አንዲት ሴት ሃምፕባክ ከ18 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዟ በታግ ታይቷል፤ በእንዲህ ያለ ጉዞ ላይ የነጥብ ብዛት ከኬክሮሱ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል።

ሁለቱን እንዲህ ለያቸው፦ በአንድ ማለፊያ ስንት መልእክት እንደተሰማ ቁጠሪ። ማለፊያዎቹ ቀንሰው በየማለፊያው ያለው መልእክት እንደነበረ ከሆነ፣ ነገሩ የሳተላይቱ መንገድ ነው። በየማለፊያው ያለው መልእክት ራሱ ከቀነሰ ግን ታጉን ተጠራጠሪ፤ አንቴናው ታጥፎ፣ ታጉ ከሥጋው እየወጣ አዘንብሎ፣ ወይም ባትሪው ደክሞ ይሆናል። የባትሪው ቮልቴጅ ታጉ በሚልከው የሁኔታ መልእክት ውስጥ አለ። የመላኪያ ፕሮግራሙንም ታጉን ካዘጋጀው ሰው ጠይቂ። ባትሪ ለመቆጠብ በቀን የተወሰኑ ሰዓቶች ብቻ እንዲልክ ተደርጎ ከሆነና ሰዓቶቹ ቀን ቀን ከሆኑ፣ ያንቺ ካርታ የቀን ካርታ ነው። የምትመገበው ሄሪንግ የተባለ ትንሽ ዓሣ ሌሊት ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓሣ ነባሪዋ ያኔ የት እንደምትሆን ካርታሽ አያሳይም።

መመገቢያዋን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞዴሉ ከ0 እስከ 1 የሆነ ቁጥር ይሰጥሻል፤ ወደ 1 የቀረበው በአንድ አቅጣጫ መዝለቅ፣ ወደ 0 የቀረበው አንድ ቦታ መዞር ነው። በኖርዌይ ፊዮርድ በክረምት፣ ሄሪንግ ባለበት፣ መዞርን ከመመገብ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ካሪቢያን ላይ ያው ቁጥር ሲመጣ ግን መመገብ አይደለም። እዚያ የሚሄዱት ለመራባት ነው፣ ከሞላ ጎደል ምንም አይበሉም። ቁጥሩ አንድ፣ ኑሮው ሁለት። ስለዚህ ጽሑፍሽ ላይ «የምትዞርበት ቦታ» በይ፤ «የምትመገብበት» የምትዪው የሄሪንጉ መረጃ ወይም የጥልቀት መዝገብ ሲደግፍሽ ነው።

የመኖሪያ ካርታውን ስትሠሪ ነጥብ አትቁጠሪ፣ ቀን ቁጠሪ። ነጥብ ከቆጠርሽ ትሮምሶ ያለ ጥርጥር ታሸንፋለች፤ እንዳልኩሽ ሳተላይቱ እዚያ ይበዛልና። ባሕሩን በካሬ ከፋፍለሽ ሞዴሉ በእኩል ሰዓት ልዩነት ከሰጠሽ ቦታዎች በየካሬው ያሳለፈችውን ቀን ደምሪ። ካሬው ከስሕተቱ አይነስ፤ ለዚህ መረጃ ከ10 ኪሎ ሜትር ባታወርጂው እመርጣለሁ። የአንዲት እንስሳ ካርታ ምን ያህል ሊናገር እንደሚችልም በግልጽ ጻፊ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኦማን ላይ ታግ የተተከለባት ሉባን የምትባል ሃምፕባክ የዐረቢያን ባሕር አቋርጣ ደቡብ ሕንድ ደረሰች። ስሟ በዐረብኛ ዕጣን ማለት ነው፤ የኛ ሉባንጃም ከዚያው የመጣ ቃል ነው። እሷ ያሳየችው መንገዱ እንዳለ ነው፤ ስንቶቹ እንደሚሄዱበት ግን ከአንድ ጉዞ አይታወቅም። ያንቺዋም እንደዚያው ናት።

የሞላላው ሦስት ዓምዶች ፋይልሽ ውስጥ ከሌሉ፣ መረጃው በአሮጌው ስሌት የወጣ ነው ማለት ነው። ሞዴሉን ሳትጀምሪ አማካሪሽን አነጋግሪ፤ አርጎስ የቆየ መረጃን በካልማን እንደገና የሚያሰላበት አገልግሎት አለው፣ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ግን በታጉ ባለቤት ስም ነው።