የንብረት ሕግ መምህር ስትቀጥሩ ምን ትፈትናላችሁ?

የዚህ እትም ጥያቄዎች ከሕግ ትምህርት ቤቶችና ለማስተማር ካሰቡ የሕግ ባለሙያዎች የመጡ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ የሕግ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ለንብረት ሕግ ኮርስ ሁለት ጊዜ ማስታወቂያ አውጥተን ሁለት ጊዜ ቀጠርን። የተመረጡት ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው፣ ውጤታቸውም ጥሩ የሆነ ነበሩ። ክፍል ሲገቡ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ ከማንበብ አላለፉም። ተማሪዎቹ ቅሬታ አቀረቡ። የት ላይ ነው የተሳሳትነው?

መልስ፦ የላኩልንን ማስታወቂያ አይተነዋል። «በሕግ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው/ያላት» ይልና በዚያው ያበቃል። በግብር ሕግ፣ በሰብአዊ መብት ወይም በዓለም አቀፍ ንግድ የተመረቀ ሁሉ እኩል ይገባበታል። በዚያ ላይ ከመቶው 50 ለዩኒቨርሲቲ ውጤት ሰጥታችኋል፤ የተቀረው ደግሞ ቃለ መጠይቅ ነው። በዚህ ሚዛን የሚያሸንፈው ፈተና የሚያልፍ ሰው ነው። ማስተማር መቻሉ አልተመዘነም።

ንብረት ሕግ ከሌሎቹ መሠረታዊ ኮርሶች የሚለይበት አንድ ችግር አለው፤ መጽሐፉና ሥራ ላይ ያለው ሕግ ተራርቀዋል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ ከአንቀጽ 1126 እስከ 1674 ይዘልቃል፤ የተጻፈው መሬት በግል በሚያዝበት ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ የ1967 ዓ.ም ሁለቱ አዋጆች፣ የገጠሩ ቁጥር 31 እና የከተማው ቁጥር 47፣ መጡ። ቀጥሎም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ። በላዩ የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ 721/2004፣ የጋራ ሕንፃ አዋጅ 370/1995፣ የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ 818/2006፣ የካሳ አዋጅ 1161/2011 እና የገጠር መሬት አዋጅ 1324/2016 ተደራረቡ። ይህን ሁሉ በአንድ ሴሚስተር ማስታረቅ የመምህሩ ድርሻ ነው። አንቀጽ ማንበብ የሚጀምረው ማስታረቅ ያቃተው መምህር ነው፤ ስለዚህ ፈተናችሁ ይህንኑ ችሎታ መፈተሽ አለበት።

ከማስታወቂያው ጀምሩ። «ተፈላጊ ችሎታ» በሚለው ሥር በሕግ ሁለተኛ ዲግሪ ከጠየቃችሁ በኋላ ሦስት ነገር ጨምሩ፦ የመመረቂያ ጽሑፉ ወይም የታተመ ሥራው ከንብረት፣ ከመሬት ወይም ከውል ሕግ ጋር የተያያዘ፤ አለዚያ በእነዚህ ጉዳዮች ቢያንስ ሁለት ዓመት ያስተማረ፣ የፈረደ ወይም የተከራከረ፤ ከማመልከቻው ጋር የ16 ሳምንት የኮርስ ዕቅድ በሁለት ገጽ የሚያቀርብ። ሦስተኛው አመልካቾችን ይቀንስባችኋል፤ ይቀንስ። ዕቅድ ለመጻፍ ያልታገሠ ሰው ኮርስ ሲያዘጋጅም አይታገሥም።

የዕቅዱ ሳምንታት ብዙ ይናገራሉ። በንብረት አመዳደብ ላይ አምስት ሳምንት ቆይቶ ለይዞታ አንድ ሳምንት የሚሰጥ ሰው ኮርሱን ከድሮ የራሱ ደብተር እየገለበጠ ነው። ለአመዳደብ ሁለት፣ ለይዞታ ሁለት፣ ባለሀብትነት ለሚገኝበትና ለሚተላለፍበት ሦስት ወይም አራት ሳምንት፣ ከዚያ ለጋራ ባለሀብትነት ከጋራ ሕንፃ ጋር፣ ለአላባና ለንብረት አገልግሎት (በሌላ ሰው ንብረት ላይ ለሚኖሩ የመጠቀም መብቶች)፣ በመጨረሻም ለመሬት መብቶችና ለማስለቀቅ (መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ካሳ ከፍሎ ንብረት ለሚወስድበት ሥርዓት) የሚሆን ጊዜ ያስቀረ ዕቅድ ጤነኛ ነው። የመሬት ሕግ ራሱን የቻለ ኮርስ በሆነበት ትምህርት ቤትም ቢሆን ጨርሶ የዘለለውን ተጠራጠሩት።

ቀጥሎ የጽሑፍ ፈተና። «ባለሀብትነትን ተርጉም» የሚል ጥያቄ አትስጡ። የተማሪ የፈተና ወረቀት ስጡትና 60 ደቂቃ ውስጥ ያርመው። ለምሳሌ ይህን ጉዳይ ተጠቀሙ፦

አስቴር ካርታ ያላት ቤት ነበራት። ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ቤቱን ዘመዷ እንዲጠብቅላት ሰጠችው። ዘመዷ ቤቱ የእኔ ነው ብሎ በመንደር ውል ሸጠው። ገዢው ገብቶ አድሶ መኖር ከጀመረ ሦስት ዓመት ሲሆነው አስቴር ተመልሳ ከሰሰች።

ተማሪው ደግሞ እንዲህ ጽፏል እንበል፦ «ገዢው በቅን ልቦና ስለገዛ በአንቀጽ 1161 የቤቱ ባለሀብት ሆኗል። ሆኖም አስቴር በአንቀጽ 1149 ሁከት ይወገድልኝ ብላ ቤቱን ማስመለስ ትችላለች።»

ጥሩ አራሚ ቢያንስ ሦስት ግድፈት ያወጣል። አንደኛ፣ አንቀጽ 1161 የሚሠራው ግዙፍነት ላላቸው ተንቀሳቃሽ ነገሮች ነው፤ ለቤት አይሆንም። ሁለተኛ፣ የሁከት ይወገድልኝ ክስ፣ ማለትም ይዞታው የተነካበት ሰው የሚያቀርበው ክስ፣ በ1149(2) መሠረት ይዞታው ከተወሰደበት ወይም ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ ሦስት ዓመት አልፏል። አስቴር የሚቀራት መንገድ የአንቀጽ 1206 የመፋለም ክስ፣ ማለትም በባለሀብትነት ላይ የቆመ የማስመለሻ ክስ፣ ነው፤ ለዚያም በስሟ ያለው ካርታ በአንቀጽ 1195 ግምት ይረዳታል። ሦስተኛ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ዘንድ እንዲደረግ የሚያዘውን አንቀጽ 1723ን ተማሪው ጨርሶ አልነካም። ሻጩ የሌላ ሰው ቤት መሸጡም ሌላ ጉዳይ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ ገዢው ባለሀብት ከሆነ አስቴር በምን መብት ታስመልሳለች? ይህን ያየ አመልካች አስተሳሰብ ማረም ያውቃል።

ነጥብ የምትሰጡት ግድፈት ላወጣ ብቻ አይደለም። ከ10 ስንት እንደሰጠ፣ ለምን እንደሰጠ፣ ለተማሪው የጻፈው አስተያየት ተማሪውን ወደየትኛው አንቀጽ እንደመራው እዩ። «ትኩረት ይጎድልሃል» ብሎ 3 የሚሰጥ ሰው ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ከዚያ የማሳያ ትምህርት፦ 25 ደቂቃ ያስተምራል፣ 10 ደቂቃ ይጠየቃል። ርዕሱን እናንተ ስጡ፤ ከሦስት ቀን በፊት። አመልካቹ ራሱ ይምረጥ ካላችሁ የመመረቂያ ጽሑፉን ይደግምላችኋል። ሁሉም አመልካች በአንድ ርዕስ ያስተምር፤ ካልሆነ ማነጻጸር አይቻልም። ጥሩ ርዕስ የሚሆነው ጠባብ ግን ሁለት ፊት ያለው ነገር ነው፦ የተሰረቀ ስልክ ከሱቅ የገዛ ሰው። አንቀጽ 1161 ለቅን ገዢ ሲያደላ፣ ከ1165 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች የተሰረቀበትን ባለቤት ያስባሉ። በጥያቄው ሰዓት አንድ የኮሚቴ አባል ስልኩን በመኪና ይቀይረው፦ «ሊብሬው በሻጩ ስም ካልሆነስ?» የሚመዘገቡ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች በልዩ ሥርዓት የሚመሩ መሆናቸውን (1186/2) የሚያውቅ ሰው ቆም ብሎ ይለያል። ያላወቀው በዚያው በ1161 ይቀጥላል።

በቃለ መጠይቁ ላይ ሁለት ጥያቄ በቂ ነው። የመጀመሪያው፦ ከሦስተኛው መጽሐፍ ዛሬ የማይሠራው የትኛው ክፍል ነው? መሬትን የሚነኩትን፣ ከ1460 ጀምሮ ያለውን የማስለቀቅ ክፍልና በአዋጅ 410/1996 የተተካውን የድርሰትና የኪነ ጥበብ ሀብት (1647–1674) የሚጠቅስ ሰው ጥሩ ነው። ከአንቀጽ 1553 የሚጀምረው የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ርዕስ ሥራ ላይ የሚውለው ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ ነው ተብሎ በአንቀጽ 3363 እንደተንጠለጠለ የሚያውቅ፣ ታዲያ አንቀጽ 1185 የሚለው ምዝገባ በተግባር የት ይፈጸማል ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ አትልቀቁት። ሁለተኛው፦ የማትስማማበትን አንድ የሰበር (በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕግ ስህተት የሚያርም ችሎት) ውሳኔ አምጣና በአምስት ደቂቃ ተከራከር። የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንደሚያስገድድ በአዋጅ 1234/2013 ተደንግጓል፤ ውሳኔዎቹን ሳያነብ ንብረት ሕግ የሚያስተምር ሰው ተማሪውን ችሎት ላይ ያሳፍራል።

በነጥብ አከፋፈል እኛ የምንመክረው ማሳያ ትምህርት 40፣ የጽሑፍ እርማት 25፣ ቃለ መጠይቅ 15፣ የትምህርትና የሥራ ማስረጃ 20 ነው። የተቋሙ የቅጥር መመሪያ የራሱ መቶኛ ካለው እሱ ይበልጣል፤ ያኔ በማሳያው ድርሻ ውስጥ የእርማቱን ሥራ አስገቡት። ለሴት ተወዳዳሪዎች ወይም ለአካል ጉዳተኞች የሚጨመር ነጥብ ካለ በማስታወቂያው ላይ ይጻፍ፤ ውጤት ከወጣ በኋላ የሚመጣ ነጥብ ቅሬታ ይወልዳል። እያንዳንዱ ዳኛ ነጥቡን ሞልቶ ከፈረመ በኋላ ብቻ ውይይት ይጀመር። ዲኑ አስቀድሞ «ልጁ ጎበዝ ነው» ካለ የሌሎቹ ወረቀት ወደዚያው ያዘነብላል። ከዳኞቹ ቢያንስ አንዱ ንብረት ወይም መሬት ሕግ ያስተማረ ይሁን፤ ከሌላችሁ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በደብዳቤ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የግል ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነን። የመረጥነው መምህር ሴሚስተሩ ከተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ ድክመቱን ያወቅነው ደግሞ በማብቂያው ነው። እንዴት እንከላከል?

መልስ፦ የዘገየበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ መልቀቂያ ነው። የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ንብረት አስረክብ፣ ውጤት አስገባ እያለ ያቆየዋል። ስለዚህ ማስታወቂያው ትምህርት ከመጀመሩ ቢያንስ ሦስት ወር በፊት ይውጣ፤ ተጠባባቂም ያዙና ከአንደኛው ጋር እኩል አሳውቁት። ዲግሪው ከውጭ አገር ከሆነ የአቻ ግምት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማምጣት ስለሚያስፈልግ ይህንንም ከማመልከቻው ጋር ጠይቁ። ከፈተና በኋላ የተጀመረ የአቻ ግምት ሴሚስተር ይበላል።

ለሁለተኛው ጉዳይ የሙከራ ጊዜን ቁጠሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ 12 ሳምንት፣ ስድስት ቀን ከሆነ 10 ሳምንት ማለት ነው። እናንተ በሴሚስተሩ ማብቂያ ስትገመግሙ ጊዜው አልፏል። በ4ኛውና በ8ኛው ሳምንት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ክፍል ገብቶ ይመልከት፤ ያየውን በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ መምህሩም ይፈርምበት። በ8ኛው ሳምንት የመካከለኛ ፈተናው ጥያቄና አምስት የታረሙ ወረቀቶች ይታዩ። ችግሩ የሚስተካከል ከሆነ ከኮርሱ ነባር መምህር ጋር አጣምሩት፤ ካልሆነ ቢያንስ በጊዜ አውቃችኋል።

መምህሩ በመሀል ቢለቅስ? ለዚህ መድኃኒቱ የኮርስ ፋይል ነው፦ የ16 ሳምንቱ ዕቅድ፣ የችግር ጥያቄዎች ከመልሳቸው ጋር፣ የሚነበቡ የሰበር ውሳኔዎች ዝርዝር፣ ያለፉት ፈተናዎች። ፋይሉ የኮሌጁ መሆኑ በውሉ ላይ ይጻፍ። ያለዚያ ሰውየው ሲሄድ ኮርሱም አብሮት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ስምንት ዓመት ጠበቃ ነኝ፤ አብዛኛው ሥራዬ የቤትና የይዞታ ክርክር ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬ ግን በግብር ሕግ ነው። ብወዳደር ተስፋ አለኝ?

መልስ፦ ማስታወቂያው የዲግሪውን ዘርፍ ለይቶ ካልገደበ አለዎት። ግን «ስምንት ዓመት ልምድ» ብቻ ብለው አይጻፉ። የያዟቸውን ጉዳዮች በዓይነት ይዘርዝሩ፦ ስንቱ የሁከት ይወገድልኝ፣ ስንቱ የመፋለም፣ ስንቱ የካሳ፣ ስንቱ የጋራ ንብረት ክፍፍል። የደንበኛ ስም አያስፈልግም፤ አይገባምም። ከእነዚህ ሁለቱን ወደ ክፍል ጥያቄ ለውጠው ከኮርስ ዕቅድዎ ጋር ያያይዙ።

ጠበቆች በማሳያ ትምህርት የሚወድቁበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ጉዳዩን ይተርካሉ፣ ሕጉን ይረሳሉ። ተማሪው ከእርስዎ የሚፈልገው ማን እንዳሸነፈ አይደለም፤ ክሱ በ1149 ሳይሆን በ1206 ለምን እንደቀረበ ነው። በየአምስት ደቂቃው ወደ አንቀጹ ይመለሱ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ የአማርኛውንም ቅጂ ይዘው ይግቡ፤ ተማሪው በኋላ የሚከራከረው በብዛት በእሱ ነው።

ሙሉ ጊዜ መስጠት ካልቻሉ በትርፍ ሰዓት ይጠይቁ፤ ግን ኮርሱን በሙሉ ሳይሆን የማስለቀቅና የምዝገባ ክፍሉን፣ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት። ሙሉ ኮርስ ይዞ በቀጠሮ ምክንያት በየሳምንቱ ክፍል የሚሰርዝ ጠበቃ ለማንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ የተማሪዎች ተወካይ ነኝ። በመምህር ቅጥር ላይ እኛም ድምፅ ሊኖረን ይገባል?

መልስ፦ በማሳያ ትምህርቱ ላይ መቀመጥ አለባችሁ፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ለሦስት ዳኞች የሚሰጥ ትምህርት ትምህርት አይደለም። ከስድስት እስከ ስምንት ተማሪዎች ይበቃሉ፤ የውል ሕግ የወሰዱ፣ ንብረት ሕግ ያልወሰዱ። ከትምህርቱ በኋላ ሁለት ጥያቄ ብቻ ያለበት ወረቀት ሙሉ፦ የገባኝ ነገር ምንድን ነው፤ ያልገባኝስ? «መምህሩን ወደዳችሁት?» ተብላችሁ አትጠየቁ፤ ለዚያ የሚሰጠው መልስ ለቀልደኛው ያደላል። ወረቀቱ ለኮሚቴው ይደርሳል፣ ነጥብ ግን አይሆንም። ተማሪዎቹ ስለ ስልኩ ገዢ የጻፉት የተለያየ ከሆነ ኮሚቴው ስለ ትምህርቱ በቂ ማስረጃ አግኝቷል።