አካውንቱ የልጁ ነው፦ ስለ ኦንላይን የሂሳብ ልምምድ ጥያቄና መልስ

ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ የሚደርሱኝ መልእክቶች በአብዛኛው ስለ ሂሳብ ናቸው ብል ትክክል አይሆንም። ስለ አካውንት ናቸው። ማን ይክፈተው፣ በማን ስም ይከፈት፣ የጠፋው ፒን ከየት ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ከተከፈተው የቱ ይቅር። ነገሩ አዲስ ለሆነበት አንባቢ፦ የምናወራው ልጆች መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈልን ጣት ሳይቆጥሩ ወዲያው እንዲመልሱ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ስለሚለማመዱባቸው ፕሮግራሞች ነው። መምህሩ ክፍሉን ይመዘግባል፣ ልጁ በፒን ይገባል፣ ሪፖርቱ የቱን እንደያዘና የቱ እንደቀረው ያሳያል። ኤክስትራማዝ የሚባለው፣ አሜሪካ ያለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የሚያዘጋጀው፣ ከእነዚህ አንዱ ነው። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ከአራት ኪሎ አንዲት የሦስተኛ ክፍል መምህርት፦ 54 ተማሪ ነው ያለኝ፤ ዝርዝሩ ላይ ግን 61 ስም አለ። ሰባቱ ከየት መጡ?

ከቤት መጡ። እርስዎ ልጁን ክፍል ውስጥ መዝግበውታል፣ ወላጁ ደግሞ ማታ በስልኩ «አዲስ ክፈት» የሚለውን ነክቶ እንደገና መዝግቦታል። ልጁ ቤት በአንዱ፣ ትምህርት ቤት በሌላው ይሠራል። እርስዎ ጋ ያለው ሪፖርት «ይህ ልጅ ምንም አልሠራም» ሲል እናቱ «በየማታው ይሠራል» ብለው ይምላሉ፤ ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው።

ሌላው ምክንያት የስማችን አጻጻፍ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፍ አንዱ ቅድስትን በ«ኬ» ይጀምራል፣ ሌላው በ«ኪው»። ጸጋ ላንዱ በ«ቲ» እና «ኤስ» ነው፣ ለሌላው በ«ኤስ» ብቻ። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ላይ አንዱ የአባት፣ ሌላው የአያት ስም ያስገባል። ለእኛ አንድ ልጅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አንድ ፊደል ከተለየ ሌላ ሰው ነው።

እንዲህ ያድርጉ። አንድ አጻጻፍ ይምረጡ፤ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ያለውን ይውሰዱና ሁሉንም በእሱ ያስተካክሉ። በሳጥኑ ሁልጊዜ የአባት ስም ይግባ። ክፍልዎ ውስጥ መንትዮች ካሉ የአባት ስም አይለያቸውምና ከስማቸው ጎን ምልክት ይጨምሩ። ከዚያ ድርብ የሆኑትን ጎን ለጎን ከፍተው የትኛው ብዙ ቀን እንደተሠራበት ይዩ። ፕሮግራሙ ማዋሃድ የሚፈቅድ ከሆነ ያዋህዱ፤ ካልፈቀደ ብዙ የተሠራበትን አስቀርተው ሌላውን ከዝርዝሩ ያውጡ። እባክዎ ሳያዩ አይሰርዙ። የሦስት ወር ልፋት በአንድ ንክኪ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ልጁ እንደገና ከ1 + 1 ሲጀምር ፊቱ ላይ የነበረውን አልረሳውም።

ፒኑን በተመለከተ ለሁሉም 1234 አይስጡ። የስም መጥሪያ ቁጥራቸውንም አያድርጉት፤ ክፍሉ በሙሉ ያውቀዋል።

የልጄን ፒን ረሳነው።

መምህሩ ጋ አለ፤ ጠይቁት። አዲስ አካውንት አትክፈቱ።

ልጄ ሂሳብ የሚማረው በአማርኛ ነው። ይከብደዋል?

ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ነው። 56 በየትኛውም ቋንቋ 56 ነው፤ በአማርኛ ያስብ።

ከለገሃር አንድ አባት፦ የ9 ዓመት ልጄን ፕሮግራሙ «16 ዓመቱ ነው» ብሎ ስለ ራሱ መረጃ ራሱን ፈቃድ ጠየቀው። ምን ነካው?

የትውልድ ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር አስገብተውት ነው። ጥቅምት 2009 የተወለደ ልጅ በእነሱ አቆጣጠር የ2016 ልጅ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8 ዓመት ይጨምሩ።

ስህተቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ውጤቱ ትንሽ አይደለም። አሜሪካ በ1998 (በእነሱ አቆጣጠር) ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ የልጆች ድረ ገጾች ዕድሜው ከ13 በታች ከሆነ ልጅ መረጃ ከመሰብሰባቸው በፊት ወላጅን ማስፈቀድ አለባቸው። ልጅዎን 16 ሲያደርጉት ያን ጥበቃ በገዛ እጅዎ ነሱት ማለት ነው። ዛሬውኑ ያስተካክሉ፤ ሳጥኑ ከተቆለፈ መምህሩ ወይም ድርጅቱ ያስተካክለው። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ወላጅም ትምህርት ቤትም ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ሰኞ ጠዋት የሠራችው ልምምድ «እሑድ» ተብሎ ተመዘገበ።

የአካውንቱ ሰዓት የአሜሪካ ነው። እኛ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስንሆን የአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ገና የትናንት ምሽት ላይ ነው። ማስተካከያው ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካን ሰዓት ይምረጡ።

ከፒያሳ አንዲት እናት

ደብዳቤው ረጅም ነው፤ ከልብ የተጻፈ ስለሆነ ግን ዋናውን ላቅርበው። የልጃቸው ትምህርት ቤት በየዓርቡ የክፍሉን ውጤት ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደርድሮ ወላጆች በሙሉ ያሉበት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። ልጅቷ 41ኛ ወጣች። ጎረቤት አየ፣ ዘመድ አየ። በሚቀጥለው ሳምንት እናት አላስቻላቸውም፤ ዩኒቨርሲቲ የሚማረውን ወንድማቸውን አስቀምጠው በልጅቷ አካውንት አሠሩት። 3ኛ ወጣች። አሁን ፕሮግራሙ ማካፈል እያመጣባት ነው፣ አንዱንም አትችለውም፣ በየማታው ታለቅሳለች። «ልጄን ጎዳሁ ወይ?» ይላሉ።

እህቴ፣ የሚስተካከል ነገር ነው። ግን ምን እንደሆነ በደንብ ይረዱልኝ።

እነዚህ ፕሮግራሞች አስተማሪ እንጂ ፈታኝ አይደሉም። ልጅቷ አንድን ጥያቄ በተወሰነ ሰከንድ ውስጥ ከመለሰች «ይህን ታውቀዋለች» ብለው ያልፉታል፤ ካልመለሰች እየደጋገሙ ያመጡላታል። ኤክስትራማዝ ላይ የተለመደው ገደብ 3 ሰከንድ ነው፤ መምህሩ ወደ 6 ሊያሰፋው ይችላል። ሰከንዱ የተቀመጠው ልጅን ለማስጨነቅ ሳይሆን የሚያውቀውን ከሚቆጥረው ለመለየት ነው። እንግዲህ አጎቷ 7 × 8ን በአንድ ሰከንድ ሲመልስ ፕሮግራሙ ምን አለ? «ልጅቷ ታውቀዋለች፤ ከእንግዲህ አላስተምራትም» አለ። ደረጃዋ ከፍ ሲል የቀረባት ትምህርቱ ነው።

ባለፈው ወር እዚሁ ፒያሳ አካባቢ አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። 6 × 7 መጣ። ቀኝ እጇ ኪቦርዱ ላይ ነው፣ ግራ እጇ ጠረጴዛው ሥር ገብቷል፣ ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ «ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት» ይላል። ሠላሳ ላይ ስትደርስ ሰከንዱ አለቀ። ዘወር ብላ አየችኝ፤ እጇን ከጠረጴዛው ሥር አወጣች። ሪፖርቱ ላይ የ6 × 7 ሳጥን ባዶ ሆኖ ቀረ። 6 × 6 ግን ከሞላ ቆይቷል፣ 36 መሆኑን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ አንድ ስድስት መጨመር ብቻ ነበር የቀራት። መምህሯ ያንን ባዶ ሳጥን አይታ በማግስቱ ያስጠናቻት ይህንኑ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አጎት ቢሞላው ኖሮ ማንም አያየውም ነበር።

አሁን የሚያደርጉት ይህን ነው። ለመምህሯ እውነቱን ይንገሩ፤ ሳይውል ሳያድር። «በሰው እጅ ተሠርቷል፣ ከየት እንደምትጀምር ወደሚለየው መነሻ ፈተና ይመልሱልኝ» ማለት ብቻ ነው። መምህሩ ከራሱ አካውንት መልሶ ሊያስጀምራት ይችላል። ለልጅዎም «ያ የአጎትሽ ውጤት ነበር፤ እኔ ነኝ ያሠራሁት፤ አሁን የአንቺን እንሥራ» ይበሏት። የምታለቅሰው ማካፈል ስለከበዳት ብቻ አይመስለኝም፤ 3ኛ የወጣ ሰው ይህን ማወቅ እንዳለበት ስለሚሰማትም ይሆናል።

መንገዱ ደግሞ እንደሚፈራው ረጅም አይደለም። ከ1 እስከ 10 ያለው የማባዛት ሰንጠረዥ 100 ሳጥን አለው፤ 3 × 8 እና 8 × 3 አንድ መሆናቸውን ያወቀ ልጅ የሚቀረው 55 ነው። የ1፣ የ2፣ የ5 እና የ10 ቀላል ናቸው። እነሱን ስናወጣ 21 ይቀራል። 21 ብቻ! በሳምንት ሦስት ቢይዙ በሰባት ሳምንት ያልቃል። ወረቀት ላይ ጽፈው ፍሪጁ ላይ ይለጥፉና አንድ በአንድ አብራችሁ ሰርዙ።

ለትምህርት ቤቱም የምለው አለ። የልጆችን ስምና ውጤት ለመቶ ወላጅ መለጠፍ መቆም አለበት። እኛ «ስንተኛ ወጣህ?» ተብለን ያደግን ነን፤ ስለዚህ ደረጃ ካላየን የተማሩ አይመስለንም። የዚህ ፕሮግራም ሪፖርት ግን ለማወዳደር አልተሠራም፤ አንዱ መደመር ላይ ሌላው ማካፈል ላይ ሆነው እንዴት ይደረደራሉ? የእያንዳንዱን ልጅ ሪፖርት ለወላጁ ብቻ፣ ኮሙዩኒኬሽን ቡክ ውስጥ አጥፎ መላክ ይቻላል። እህቴ፣ ይህን ለርዕሰ መምህሩ በአካል ሄደው ይንገሩ፤ ሌሎች እናቶችንም ይዘው ይሂዱ። ዝርዝሩን አይተው በየቤታቸው አጎት ያስቀመጡት እርስዎ ብቻ እንዳልሆኑ እርግጠኛ ነኝ።

ሦስት ልጆች፣ አንድ ስልክ። ትልቁ የትንሹን ይሠራበታል።

አንዱ ሲጨርስ ሳይወጣ ስልኩን አያቀብል። ብራውዘሩ «ፒኑን ላስታውስ?» ሲል እምቢ በሉት። ትልቁ መርዳት ከፈለገ ከፕሮግራሙ ውጭ፣ በወረቀት ይጠይቀው።

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ቢሠራስ?

በጣም ጥሩ። ሲጨርስ ከአካውንቱ መውጣቱን እርስዎ አጠገቡ ሆነው ያረጋግጡ።

ካዛንቺስ ሲነሳ ወደ ከተማው ዳር ሄድን። ልጄ ትምህርት ቤት ቀየረ፤ የሂሳብ አካውንቱስ?

መልቀቂያ ሲወስዱ አካውንቱንም ይጠይቁ። ብዙዎች ይህን ይረሱታል፤ የቀድሞው መምህር ልጁን ከዝርዝሩ ካወጣው በኋላ ማግኘቱ አድካሚ ነው። መጀመሪያ የልጁን አካውንት ከእርስዎ የወላጅ አካውንት ጋር ያገናኙት፤ መምህሩ የሚሰጥዎ ኮድ ወይም ወረቀት አለ። ከዚያ አዲሱ መምህር እንደ አዲስ ተማሪ ሳይሆን ነባሩን አካውንት ወደ ክፍሉ እንዲያስገባው ይንገሩት። ካልሆነላችሁ ሪፖርቱን ፎቶ አንስተው ለአዲሱ መምህር ይስጡት፤ መነሻ ፈተናው የደረሰበትን በጥቂት ቀን ያገኘዋል። ቴክኒካል ነገር ከገጠማችሁ ለድርጅቱ ጻፉ።

ሰፈሩን፣ ጓደኞቹን፣ የሚያውቀውን መንገድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጣ ልጅ ነው። ለፍቶ ያገኘው እንኳ አብሮት ይሂድ።

አንድ የአራተኛ ክፍል መምህር፦ አንድ ተማሪዬ ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ ይሠራል። 4 + 3ን ዛሬም በጣቱ ይቆጥራል፤ ትናንት የያዘውን ዛሬ ያጣዋል። ሰነፍ ነው?

በየቀኑ የሚሠራን ልጅ ሰነፍ አይበሉት። ሰከንዱን ያስፉለት ወይም ጭራሽ ያጥፉለት፤ ግን እዚያ ላይ አያቁሙ። አካውንት በማስተካከል የማይፈታ ነገር አለ፤ ይህ ከእነዚያ አንዱ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ዓይኑና ጆሮው ይታይ። ሰሌዳውን በደንብ ሳያይ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ጥቂት አይደለም፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ሩቅ አይደለም። ዓይኑም ጆሮውም ደህና ከሆነ ዲስካልኩሊያ የሚባል ነገር መኖሩን ለወላጆቹ ይንገሩ። ቁጥርን የመረዳትና የማስታወስ ችግር ነው እንጂ የአእምሮ ማነስ አይደለም፤ ንባብ ላይ ጎበዝ የሆነ ልጅም ሊኖርበት ይችላል። ይህን እርስዎም እኔም ልንወስን አንችልም፤ የሚወስነው ባለሙያ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል አለ፤ ሄደው የት እንደሚመረመር ይጠይቁ። የሪፖርቱን ገጾች አትመው ይዘው ይሂዱ፤ ለባለሙያው ከማንኛውም ገለጻ ይበልጥ ይጠቅማሉ። «ሲያድግ ይተወዋል» ቢሉዎት አይቀበሉ። ወላጆቹ ቢያመነቱ አብረዋቸው ይሂዱ።

ክረምት ሲመጣ አካውንቱን እናጥፋው?

አታጥፉት። ልጁ በሳምንት ሁለት ቀን ቢገባበት ይበቃዋል። ፒኑን የሪፖርት ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉት፤ መስከረም ላይ ትፈልጉታላችሁ።