ዶሮዬ ታነክሳለች፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ውስጥ ከማረባቸው ጥቂት ዶሮዎች አንዷ ድንገት ማነከስ ጀመረች። ቀኝ እግሯን አጥፋ በአንዱ ብቻ ነው የምትቆመው። ደም የለም፣ የተሰበረም አይመስለኝም። ትበላለች፣ ግን እሷ እስክትደርስ ሌሎቹ እህሉን ይጨርሱታል። ቤት ያለው ሰው ሁሉ «አርደሽ ተገላገይ» ይለኛል፣ እኔ ግን አንጀቴ አልቻለም። የሰው ማስታገሻ ክኒን ቆረስ አድርጌ ብሰጣትስ?
ግራ የገባኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ለማረድ አትቸኩዪ። የምትበላና የምትጠጣ ዶሮ ተስፋ አላት። ክኒኑን ግን ተዪው። የሰው መድኃኒት የተመጠነው ለሰው ክብደት ነው፣ ዶሮሽ ደግሞ ምናልባት ሁለት ኪሎ ብትሆን ነው። በግምት የተቆረሰ ማስታገሻ ኩላሊቷን ሊጎዳው ይችላል።

ዛሬውኑ ለይያት። ዶሮዎች የደከመችውን አይምሩም፣ ይነቁሯታል፣ ከምግብም ያባርሯታል። ሰፋ ያለ ካርቶን ውስጥ ገለባ ወፈር አድርገሽ አንጥፊላት፣ ቆጥ አያስፈልጋትም፣ ውሃና ምግቡ ሳትነሳ አንገቷን ዘርግታ የምትደርስበት ቦታ ይሁን። ከተቻለ ሌሎቹን እያየች ትቆይ፣ ምክንያቱም ጨርሶ ከዓይናቸው ከጠፋች ስትመለስ እንደ ባዳ ቆጥረው ይደበድቧታል።

ከዚያ እግሯን እዪው። ሲመሽ ይሻላል፣ በጨለማ ይረጋጋሉ። ክንፎቿን በፎጣ ጠቅልለሽ ያዣት፣ ግን ደረቷን አትጭመቂ። ዶሮ እንደኛ ዳያፍራም የሚባለው የመተንፈሻ ጡንቻ የላትም፣ የምትተነፍሰው ደረቷን እያንቀሳቀሰች ስለሆነ ታፍኛታለሽ።

ከውስጥ እግሯ ጀምሪ። ብዙ ሰው ቅልጥሙን ብቻ ነክቶ ይተዋል፣ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ መርገጫዋ ላይ ነው። ጥቁር ክብ ቅርፊት ካየሽ፣ ዙሪያው አብጦ ሲነካ የሚያተኩስ ከሆነ፣ በትንሽ ጭረት የገባ ባክቴሪያ ነው፣ ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ የሚባለው። ለብ ባለ ጨው ውሃ ከአስር እስከ አስራ አምስት ደቂቃ ዘፍዝፊው፣ በደንብ አድርቂው፣ በቁስል ማጽጃ ጠርገሽ በፋሻ ላላ አድርገሽ ጠቅልዪው። አደራ፣ አትጭመቂው፣ በምላጭም አትነካኪው! የዶሮ መግል እንደ ሰው አይፈስም፣ ደርቆ እንደ አይብ ይጠጥራል፣ እሱን ማውጣት የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ባክቴሪያው ሰውም ላይ ስለሚተላለፍ ጓንት አድርጊ፣ እጅሽንም በሳሙና ታጠቢ።

ጣቶቿ መሃልም እዪ። ክር ወይም ፀጉር ተጠምጥሞ ደሟን ያግደዋል፣ ላባና ጭቃ ስለሚሸፍነው ቶሎ አይታይም። ቀስ ብለሽ ቁረጪው።

ቁስልም ክርም ከሌለ ሁለቱን እግሮች እያነጻጸርሽ ዳብሺ። መገጣጠሚያው ትንሽ ካበጠ ወለምታ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱም ዕረፍት ነው። እግሩ ከተንጠለጠለ ወይም ያለቦታው ከታጠፈ ግን ስብራት ወይም ውልቃት ነውና ራስሽ ለማሰር አትሞክሪ። የወፍ አጥንት ቶሎ ይገጥማል፣ በደንብ ከታሰረ ሦስት ሳምንት ገደማ ሊበቃው ይችላል፣ ተጣሞ ከገጠመ ግን ተጣሞ ይቀራል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ዶሮሽ ቄብ ከሆነች፣ አንዱን እግሯን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ ከተኛች፣ ክንፏም ከወደቀ፣ ይሄ ጉዳት ላይሆን ይችላል። ማሬክስ የሚባለው የቫይረስ በሽታ እንዲህ ያደርጋል። ሰው ላይ አይተላለፍም፣ ግን መድኃኒት የለውም፣ ከሌሎቹ ለይተሽ ለሐኪም አሳዪ። ክትባቱ የሚሰጠው ጫጩቷ እንደተፈለፈለች ነው።

መብላት ካቆመች፣ እግሯ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ፣ በጥቂት ቀናት ዕረፍትም ምንም ለውጥ ካላሳየች አትጠብቂ፣ ሐኪም ጋ ውሰጃት። አንቲባዮቲክ ካዘዘላት እንቁላሏ ስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቂው። ሥጋዋም እንዲሁ፣ ስለዚህ «እረዷት» ለሚሉሽ ይህንንም ንገሪያቸው።

እስክትድን ድረስ ደግሞ ቆጡን እዪው። ከፍ ካለ ቆጥ ደረቅ መሬት ላይ መዝለል ከባድ ዶሮ ላይ እንዲህ ያለ ጉዳት ያመጣል። ዝቅ አድርጊው፣ የእንጨቱን ስለታም ጠርዝ አለስልሺው፣ ከሥሩም ገለባ ጨምሪበት።