ጥቁሩ ዱቄት ለምን ቶሎ ደከመ?

ጥያቄ፦ የሱፍ ማቅለሚያ ፍሳሽን ለማጥራት የማግኔታይት ናኖ ቅንጣት (ማግኔት የሚስበው፣ እጅግ ደቃቅ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ዱቄት) ሠራን። መጀመሪያ ውኃው ጥሩ ጠርቶ ነበር። ዱቄቱን በአሲድ አጥበን በምድጃ እያደረቅን ስንደግመው ግን በሦስተኛው ዙር ቀለም መያዝ አቆመ፤ ወደ ቡናማም አደላ። ምን አጠፋን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ዋናው ጥፋት አሲዱ ነው። አብዛኞቹ የሱፍ ቀለሞች ውኃ ውስጥ ኔጌቲቭ ቻርጅ አላቸው፤ የማግኔታይት ገጽ ደግሞ በአሲዳማ ውኃ ፖዘቲቭ ይሆናል። ስለዚህ በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 4 አካባቢ ይሳሳባሉ። በአሲድ ስታጥቡት ቀለሙን ይበልጥ ታጣብቁታላችሁ፤ አሲዱ ከበረታም ብረቱን ራሱን ያሟሟል።

በአሲዱ ፈንታ ቀለሙን በሶዳ አስለቅቁ፦ በ1 ሊትር ውኃ 4 ግራም ኮስቲክ ሶዳ አሟሙ። ለ1 ግራም ዱቄት 50 ሚሊ ሊትር በቂ ነው። 30 ደቂቃ አማስሉት፣ ከቢከሩ ጎን ማግኔት አስጠግታችሁ ፈሳሹን ቅዱ፤ ጓንትና መነጽር አይረሳ። ከዚያ ፒኤቹ 7 እስኪደርስ በተጣራ ውኃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንኑ ነው፦ የቀረው ሶዳ የሚቀጥለውን ዙር ፒኤች ከፍ ያደርግና ገጹ ኔጌቲቭ ሆኖ ቀለሙን ይገፋል።

ቡናማነቱ ብዙም አያስጨንቅ። ማግኔታይቱ ከአየር ጋር ተዋህዶ ማግሄማይት (ቡናማ የብረት ኦክሳይድ) ሆኗል፤ ማግኔት እስከሳበው ድረስ ይሠራል። ከአሲዱ ሌላ የሚጎዳው ማድረቁ ነው፤ ቅንጣቶቹ ይጓጉላሉ፣ ቀለም የሚይዘው ገጽም ያንሳል። እርጥቡን እንዳለ መልሱት። ስትቀዱ ደቃቁ አብሮ ስለሚፈስ፣ ደከመ ከማለታችሁ በፊት ምን ያህል ዱቄት እንደቀረ ለማወቅ ከናሙናው ጥቂት አድርቃችሁ መዝኑ።

ያጠባችሁበት ፈሳሽ የተጠራቀመ ቀለምና ሶዳ ነው፤ ወደ በሬሳ ወንዝ አይደፋም።